ነፋስ የማይገባው የአራስ ቤት

ነርስ ነኝ። ዛሬ ቡሬ ውስጥ አንድ መስኮት ስለከፈትኩ ቤት ሙሉ ሰው ጮኸብኝ።

አራስ እህቴን ልጠይቅ ሄጄ ነው። ጠያቂው አንዲት ክፍል ውስጥ ታጭቋል፤ መስኮቱ ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቶ፣ ስንጥቁ ሳይቀር በጨርቅ ተወትፏል።

ጎረቤታቸው ጋሽ አያሌው ደግሞ የስምንት ቀኗ ሕፃን አጠገብ ተቀምጠው ይስላሉ።

መስኮቱን ትንሽ ከፈት ሳደርገው ቀድመው የተቆጡት እሳቸው ናቸው፦ «ዝጊው እንጂ! ልጅቱን ብርድ ሊመታት ነው!»

«ጋሼ፣ የሚያሰጋት የታፈነው አየር ነው። በሳል የሚወጣው ጀርም ሁሉ እዚሁ ነው የሚዞረው» ብል ማን ሰምቶኝ! የእህቴ አማት ብድግ ብለው ዘጉት።

ጥቂት ቆይተው ጋሽ አያሌው ተነሡ። «አፈነኝ፤ ወጣ ብዬ ነፋስ ልቀበል» አሉ።

ሕፃኗስ በየትኛው እግሯ ወጥታ ትቀበል?

አራስ ቤት መስኮት ማስከፈት የቻላችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ ዘዴውን ንገሩኝ።