የቁጠባ ኮሚቴ ሰብሳቢ በነበርኩበት ዓመት

አሶሳ ኮሌጅ አስተማሪ ሆኜ በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ዲኑ የቁጠባ ኮሚቴ ሰብሳቢ አደረገኝ። ክልሉ ገና አዲስ ነበር። መሥሪያ ቤቶች በግለሰብ ቤት ተከራይተው የገቡበት፣ ደብዳቤ ለማስመታት እንኳ ታይፕ በወረፋ የሚጠበቅበት ጊዜ። ኮሌጃችን መብራት የሚያገኘው ከጄኔሬተር ነው። ናፍጣውም ወረቀቱም ከሩቅ ስለሚመጣ ክረምት ላይ መኪና ጭቃ ከያዘው ሁለቱንም እናጣለን። ስለዚህ ኮሚቴው አስፈላጊ ነበር፤ ይህን ዛሬም አልክድም። እኔ ግን የተቀበልኩት ለሌላ ነገር ነው። ሥራዬ ከታየልኝ ወደ አገሬ ወደ ጎጃም ያዛውሩኛል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ከተማሪዎች ማደሪያ ከየክፍሉ ሁለት አምፖል አንዱን አስፈታሁ። ቀጥዬ ሻይ የሚያፈሉባቸውን የኤሌክትሪክ ምድጃዎች ሰበሰብኩ። ከዚያ በኋላ ክፍል ስገባ ወሬው ቀጥ ይላል፤ ሳስተምር የሚጠይቅ የለም። አንድ ቀን ሰሌዳው ላይ «አምፖል ፈቺው መጣ» ተብሎ ተጽፎ ጠበቀኝ። አጠፋሁት፤ በልቤ ግን ጥርሴን ነከስኩባቸው።

ተማሪዎቹ ከገበያ ኩራዝ እየገዙ ማጥናት ጀመሩ። አንዱን ኩራዝ ቀምቼ ሳገላብጠው ከኮሌጁ ወጥ ቤት የወጣ የቲማቲም ድልህ ጣሳ ሆኖ አገኘሁት። የበሩን ጥበቃ ጠየቅኩት። ባዶ ጣሳውን የምታወጣው አንዲት የጽዳት ሠራተኛ መሆኗን፣ ወንድሟ ገበያ ላይ ኩራዝ እየሠራ እንደሚሸጥ፣ የተጻፈበትን ወረቀትም ሰብስባ ኦቾሎኒ ለሚቸረችሩ ሴቶች መጠቅለያ እንደምትሰጥ ነገረኝ። ከእኔ በቀር ግቢው ሁሉ ያውቅ ኖሯል።

ሴትዮዋ የአገሩ ተወላጅ፣ ከበርታ ብሔረሰብ ነች፤ በዕድሜ ከእናቴ ብትበልጥ እንጂ አታንስም። አገሬ ብትሆን አንቱ እላት ነበር። እዚያ ግን ሁላችንም ከደጋ የመጣን አስተማሪዎች አንቺ እያልን ነበር የምናዛት።

በነጋታው ኮሚቴውን ሰብስቤ ቃለ ጉባኤ አስያዝኩ። ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ሁሉ እንዲሰበሰብና ለፈተና ማባዣ እንዲውል፣ ጣሳም ለችግኝ ማፍያ እንዲቀመጥ፣ ከግቢ አንድም ነገር እንዳይወጣ ወሰንን። ማስቀመጫ እንዲሆን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ወለሉ አፈር የሆነ ክፍል ተሰጠኝ። ቁልፉን ራሴ ያዝኩ።

በዚያው ሳምንት ሰው ሁሉ ለምሳ በሚወጣበት ሰዓት በሩ ላይ ጠበቅኳት። እንደ አገሯ ሴቶች ትከሻዋ ላይ እንጨት አጋድማ በሁለቱ ጫፍ ቅርጫት አንጠልጥላ መጣች። ጥበቃውን ፈትሽ ስለው አቀርቅሮ ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ስለዚህ ራሴ ቅርጫቶቹን አውርጄ ገለበጥኳቸው። ጣሳዎቹ እየተንኳኩ በተማሪዎቹ እግር ሥር ተንከባለሉ።

«አስተማሪ» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ። «ትናንት አንተ ጣልክ፣ እኔ አነሳሁ። ዛሬ እኔ ሌባ ሆነ?»

«የመንግሥት ንብረት ነው» አልኳት። «ሁለተኛ ባገኝሽ ማስጠንቀቂያ ይጻፍብሻል።»

በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች። ከተማሪዎቹ መካከል ቋንቋውን የሚያውቁት ዞር ብለው አዩኝ። የሚተረጉምልኝ አልጠየቅኩም። ባዶ ቅርጫቶቿን አንጠልጥላ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ለወራት ክፍሉን ሞላሁት። የችግኙን ነገር የሚያስታውስ ጠፋ፤ እኔም ረሳሁት። ክረምቱ ገባ። የዓመቱ ፈተና ሲደርስ ወረቀት የጫነው መኪና መንገድ ላይ ቀረ። ዲኑ፣ ያ የምትመካበት ወረቀት ይውጣ አለኝ። በኩራት ከፈትኩለት። ላይ ላዩን ሲያዩት ደህና ነበር። አንዱን ክምር ላነሳ ስል ግን እጄ ላይ አፈር ሆኖ ፈረሰ። ምስጥ ከሥሩ ጀምሮ በልቶ ጨርሶታል። ጣሳዎቹም ጣሪያው ሲያፈስባቸው ከርሞ ዝገው ተጣብቀዋል። አሶሳ ውስጥ ወረቀት አፈር ላይ እንደማይቀመጥ የትኛዋም የጽዳት ሠራተኛ ትነግረኝ ነበር፤ ማንን ጠየቅኩና።

ዲኑ ይህን ክፍል መጥረግ የማን ሥራ እንደሆነ ጠየቀ። የወጥ ቤቱ ጀርባ የዚያችው ሴትዮ ድርሻ መሆኑን ሲሰማ በእሷ ላይ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እንዳዘጋጅ አዘዘኝ።

ጻፍኩት። ይህን መደበቅ አልፈልግም። «የተሰጣትን ኃላፊነት ባለመወጣቷ» ብዬ ጽፌ ለታይፒስቷ ሰጠኋት። ታይፒስቷ እስከ መጨረሻው አነበበችውና፣

«ቁልፉ እርስዎ ጋ አልነበረም እንዴ?» አለችኝ።

ወረቀቱን ከእጇ ተቀብዬ ወደ ዲኑ ተመለስኩና እሷ ያንን ክፍል ገብታበት እንደማታውቅ ነገርኩት።

«እንግዲያው በአንተ ስም ይጻፋል» አለኝ። ተጻፈም። ማስጠንቀቂያው ከዝውውር ማመልከቻዬ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ ገባ፤ ማመልከቻዬም እዚያው ቀረ። ኮሚቴው ፈረሰ፤ ባልደረቦቼ ደስታቸውን እንኳ አልደበቁም።

ደብዳቤው በደረሰኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ወደ ክፍሉ ሄድኩ። ሴትዮዋ የተበላውን ወረቀት በአካፋ እያወጣች ነበር። «እናቴ፣ ከዛሬ ጀምሮ ጣሳውንም ወረቀቱንም ይውሰዱ። የሚከለክልዎ የለም» አልኳት።

አካፋውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችና አየችኝ። አንቱታዬን የሰማች አትመስልም።

«አይ» አለች። «አንተ ንብረት ነው አልክ። በሰው ፊት አልክ። እኔ አልነካም፣ ወላሂ።»

ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ ነበር፤ አላወጣሁትም። አካፋውን አንስታ ሥራዋን ቀጠለች። እኔም ትንሽ ቆሜ ሄድኩ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት እዚያው ቆየሁ። ጣሳው ከወጥ ቤቱ ጀርባ ተከምሮ ይዝግ፣ ወረቀቱም ይቃጠል ነበር። ሴትዮዋ በየጠዋቱ ጥበቃውን፣ ታይፒስቷን፣ ዲኑን ሳይቀር ሰላም ትላለች፤ እኔ ጋ ስትደርስ ታልፋለች። የጎረቤቴን ቢሮ ጠርጋ የእኔን በር ዘልላ ወደሚቀጥለው ትገባለች። ለማንም አልከሰስኳትም። ከገበያ መጥረጊያ ገዝቼ ቢሮዬን ራሴ እጠርግ ነበር።