ሆን ብለን የከሰርንበት ሱቅ

ነገሩ የጀመረው አምና ክረምት ሊገባ ሲል ነው። እስካሁን ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ ያልወጣበትም ምክንያት ጥሩ ሠርቼ ይሁን አጥፍቼ እስከ ዛሬ ስላልገባኝ ነው። ሌላው ነገር ውሎ አድሮ ይገባኛል። ይሄ ግን አልገባ አለኝ። ምናልባት ከአንባቢዎች አንዱ ያስረዳኝ ይሆናል ብዬ ጻፍኩት።

ሐዋሳ ገበያ ውስጥ የፕላስቲክ ዕቃ ነጋዴ ነኝ። ባልዲ፣ ሳፋ፣ ጀሪካን፣ ጆግ። ሃያ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ የቀረውን ገበያው አስተማረኝ፣ ያውም ያለ ዕረፍት። በእኛ ረድፍ አሥራ ሁለት ሱቆች አሉ። ከጎኔ አንሶላና ብርድ ልብስ የሚሸጡት እትዬ ብርቅነሽ ናቸው፤ በዕድሜም በምላስም ይበልጡኛል።

አንድ ረፋድ ላይ አንዲት ሴት ሱቄ በር ላይ ቆመች። ሠላሳዎቹ አጋማሽ ላይ ትሆናለች። ትልቅ ቦርሳ አንግታለች፣ አነጋገሯ የወሎ ነው።

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሰላማዊት እባላለሁ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ። ለሦስተኛ ዲግሪዬ ጥናት እየሠራሁ ነው።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ጨዋታ።»

«የኳስ ነው?»

«አይደለም፣ በታብሌት የሚጫወቱት። ሰው እየተጫወተ ይማርበታል።»

«እና ይሄን ስትጨርሺ ዶክተር ትባያለሽ?»

«ከጨረስኩ» አለች ፈገግ ብላ።

ሴት ልጄ በስልክ ስትጫወት አግኝቻት ስልኳን ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፌባታለሁ። ለካ ዶክተር እየሆነች ነበር።

ታብሌቱን አውጥታ አሳየችኝ። ውስጡ ሱቅ አለ። ዕቃ ታስገባለህ፣ ዋጋ ትተምናለህ፣ ደንበኛ ይመጣል፣ ይከራከርሃል፣ ይገዛል ወይ ጥሎህ ይሄዳል። በመጨረሻ ኮከብ ይሰጥሃል፤ ኮከብ የበዛለት ጎበዝ ነጋዴ ነው። መጀመሪያ አንድ ጊዜ እንጫወትና ይመዘገባል፤ ከዚያ ሁለት ወር እየተለማመድን እንቆያለን፤ በመጨረሻ ደግሞ ተጫውተን ይመዘገባል። ቀጥላ የምፈርምበት ወረቀት ሰጠችኝ።

«በፈለጉ ሰዓት ያለ ምንም ምክንያት ማቋረጥ ይችላሉ» ይላል። ስንት ወረቀት ፈርሜያለሁ፤ በፈለግኩ ሰዓት ውጣ የሚለኝ ግን አይቼ አላውቅም። ዝቅ ብሎ ደግሞ «ስምዎ አይመዘገብም፣ በቁጥር ይታወቃሉ» ይላል። ስሜን ትቶ በቁጥር የሚያውቀኝ ግብር ብቻ ነው።

«እርስዎ ቁጥር ሰባት ነዎት ጋሼ» አለችኝ።

ያን ሰሞን ለግብር የሚታሰበው የቀን ገቢ ግምት ሊጨመር ነው የሚል ወሬ ገበያውን ሲያምሰው ሰንብቷል። ታብሌት፣ ሱቅ፣ ምን ያህል ታተርፋለህ፣ ቁጥር። ነገሩ በራልኝ፣ ወይም የበራልኝ መሰለኝ። ፈረምኩላት። ወረቀት አባዝታ ልትመለስ ስትሄድ ረድፉን ከላይ እስከ ታች ዞርኩት።

«ስሙኝ፤ ይቺን ልጅ ማን እንደላካት አናውቅም። ያ ሱቅ ይክሰር። ግን በልክ ይሁን፤ አሥራ ሁለታችንም እኩል ከከሰርን ይነቃብናል።»

ሁሉም ተስማሙ። ተመልሳ ስታጫውተን ግን መክሰር እንደሚወራው ቀላል አልሆነም። እትዬ ብርቅነሽ አንዱን ብርድ ልብስ ከተገዛበት በታች ሊሸጡ ጣታቸውን ዘርግተው ቀሩ። «እጄ እምቢ አለኝ» አሉ በሹክሹክታ። በመጨረሻ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተጫኑት። እኔ ሦስት ኮከብ አመጣሁ፤ ከረድፉ ዝቅተኛው እኔ ነበርኩ። ኮራሁ።

ሰላማዊት መዘገበች፤ አመስግናን ሄደች።

ከዚያ በሳምንት ሁለት ቀን ትመጣ ጀመር። እንለማመዳለን፣ እሷ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች፣ አንዳንዴ ትጽፋለች። ግብር ከሆነች ዘገየች ብዬ አሰብኩ። አንድ ቀን ዝናቡ ሲወርድ ሱቄ ውስጥ ተጠልላ ስልኳ ጠራ። አባቷ ናቸው። «ደርሻለሁ አባዬ፣ ትንሽ ነው የቀረኝ» አለችና ዘጋችው።

«አባትሽ ምን አሉ?»

«መቼ ነው የምትጨርሺው ነው የሚለኝ። ጋሼ፣ አባቴ እኮ ለጎረቤት ልጄ ጨዋታ ታጠናለች ማለት ያፍራል። ኮምፒውተር ነው የምትማረው ይላቸዋል።»

«አልተሳሳቱም» አልኳት።

ሳቀች። ከዚያ ሳልጠይቃት ነገረችኝ። ስድስት ዓመት ሆኗታል። ታብሌቶቹን በራሷ ደመወዝ ነው የገዛችው። በዚህ ዓመት ካልጨረሰች የተሰጣት ጊዜ ያልቃል። «የመጀመሪያውና የመጨረሻው ጨዋታችሁ ይነጻጸራል። ካልተሻላችሁ ጨዋታው አላስተማረም ማለት ነው። ካላስተማረ ደግሞ የእኔም ነገር...» ዝናቡን ታይ ጀመር።

ያን ጊዜ ልነግራት ይገባኝ ነበር። አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን በደመወዟ ታብሌት የገዛችን ልጅ የግብር ሰላይ መስለሽኝ ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? አፈርኩ። ነጋዴ ሲያፍር ሌላ መንገድ ይፈልጋል። ያጎደልኩትን በመጨረሻ እሞላላታለሁ አልኩ በልቤ።

አንድ ነገር ግን መደበቅ አልፈልግም። በጨዋታው ውስጥ ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጭንቅላት በላይ ቀይ መስመር አለች። ሰውየውን ባስጠበቅከው ቁጥር መስመሯ ታጥራለች፤ ስታልቅ ይሄዳል። ወር ሳይሞላኝ በራሴ ሱቅ የቆመ ሰው ሁሉ ጭንቅላት ላይ ቀይ መስመር ይታየኝ ጀመር። ከአንዱ ጋር ስከራከር ከኋላው የቆመችውን «እመቤት፣ መጣሁ» እላለሁ። ድሮ አልልም ነበር፤ ወይም ማለቴን አላስተዋልኩም።

የመጨረሻው ቀን ሲደርስ ረድፉን እንደገና ዞርኩ።

«ዛሬ አትርፉ።»

«በልክ ነው?» አሉ እትዬ ብርቅነሽ።

«የቻላችሁትን ያህል።»

«ተመስገን» አሉ፤ ሁለት ወር ሙሉ ጣታቸው ሲያሳክካቸው የከረመ ይመስል ነበር።

አሥራ ሁለታችንም ኮከቡን አዘነብነው። ሰላማዊት ውጤቱን ደጋግማ አየችና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ ብላ አፏን በእጇ ከደነች። እትዬ ብርቅነሽ ደንግጠው በሲዳምኛ ምን አደረግናት አሉኝ። ደስ ብሏት ነው አልኳቸው። እኔም ደስ አለኝ። እዳዬን የከፈልኩ መሰለኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ለዲፌንሷ ጠራችኝ። የጥናቷ መጨረሻ ነው፣ ምሁራን ፊት ቆማ ትጠየቃለች፣ ሰውም ገብቶ ማየት ይችላል። እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምለብሰውን ሱፍ ለብሼ ሄድኩ። ነገሩ ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አጠገቤ የተቀመጠ ተማሪ በጆሮዬ ይተረጉምልኛል። ግድግዳው ላይ ረጃጅምና አጫጭር ዘንጎች ያሉበት ሥዕል ወጣ።

«ቁጥር ሰባት የተባለው ከሁሉም የበለጠ የተማረው ነው እያለች ነው» አለኝ ተማሪው።

ክራቫቴን አስተካከልኩ።

ከዚያ ፀጉራቸው የሸበተ መምህር ጠየቋት። «እነዚህ ሰዎች ስንት ዓመት የነገዱ ናቸው። ሲጀምሩ እንዴት እንዲህ አነስተኛ ውጤት አመጡ?» ነው የሚሉት አለኝ ተማሪው። ሰላማዊት መለሰች።

«ምን አለች?»

ተማሪው አንገቱን አከከ። «ነጋዴዎቹ ሲጀምሩ ዋጋ የማስላት ችሎታቸው በጣም ዝቅተኛ ነበር ነው የምትለው።»

ዝቅተኛ። በእኛ ረድፍ እኮ እትዬ ብርቅነሽ ደንበኛው አፉን ሳይከፍት የሚከፍለውን ያውቃሉ። እኔ የአንድ ጀሪካን ዋጋ በሦስት ቋንቋ እከራከራለሁ። ደሜ ፈላ። እዚህ ጋ እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰዓት ስለ ጥናቱም ስለ ሰላማዊትም አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ረድፉ ነው።

ሰብሳቢው ከታዳሚው ጥያቄ ያለው ካለ ሲሉ ተነሣሁ።

«ቁጥር ሰባት እኔ ነኝ» አልኩ በአማርኛ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰላማዊትም ፈገግ አለች፤ ላመሰግናት የተነሣሁ መስሏታል።

«በእኛ ረድፍ ዋጋ የማያውቅ ሰው የለም። መጀመሪያ የከሰርነው ሆን ብለን ነው። ግብር መስሎን። ያዘዝኳቸውም እኔ ነኝ።»

ሳቁ ቆመ። ሽበታሙ መምህር መነጽራቸውን አወለቁ። «የመጨረሻውስ?» አሉኝ፣ እሳቸውም በአማርኛ።

«የመጨረሻውማ ስለወደድናት ነው።»

ሁላችንንም አስወጡን። ኮሪደር ላይ ቆምን። ሰላማዊት ከግድግዳው ጋር ተደግፋ መሬት መሬቱን ታያለች። ቆይቶ ጠሯትና ገባች፤ ቆይቶ ወጣች። አልወደቀችም፣ አላለፈችም። አንድ ዓመት ተጨመረላት፤ ጥናቱን እንደገና ሠርታ ትምጣ ተባለ።

በአጠገቤ ስታልፍ ቆመች። «ጋሼ፣ ለምን አስቀድመው ለእኔ አልነገሩኝም?» አለች። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ወደ ሰፈሬ ወደ ታቦር ስመለስ የባጃጁ ልጅ የጠራውን ሂሳብ ሳልከራከር ሰጥቼው ወረድኩ። በማግስቱ እትዬ ብርቅነሽ ሰምተው ጠበቁኝ።

«አንተ ሰውዬ፣ ክሰሩ ያልከን አንተ፣ አትርፉ ያልከን አንተ፣ ሄደህ ያጋለጥከን አንተ። እኛ ምንህ ነን?»

«ሰደቡን እኮ እትዬ። ዝቅተኛ አሉን።»

«ይበሉና! እኔ ዝቅተኛ ተብዬ ልጅቷ ዶክተር ብትሆን ምኔ ይጎድል ነበር?»

የቤተ ክርስቲያናችንን ሽማግሌ አማከርኩ። እውነት መናገርህ መልካም ነው፣ አትጸጸት አሉኝ። እውነቱን የተናገርኩት ስለተናቅኩ መሆኑን ግን አልነገርኳቸውም። ዝም ብል ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበረች፤ ግን እኔ ባዛባሁት ሚዛን የተመዘነች ዶክተር። የቱ ይሻላት ነበር? እንጃ።

ለወራት አልመጣችም። መንገድ ላይ ትልቅ ቦርሳ ያነገተች ሴት ባየሁ ቁጥር ዕቃ የማስተካክል መስዬ ጎንበስ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ሳፋ ስታማርጥ ከኋላዋ ሰው ቆመ። ቀና ሳልል «መጣሁ እመቤት» አልኩ።

«አልቸኩልም ጋሼ» አለች ሰላማዊት።

ከስታለች። ቦርሳዋ ያው ነው። ባልዲ ገልብጬ አስቀመጥኳት። እንደገና ከመጀመሪያው ልትጀምር ነው፤ ለሌላ ረድፍ ነጋዴዎች ታብሌቱን ሰጥታለች፣ ለእነሱም መጀመሪያውኑ ግብር እንዳልሆነች አስረድታለች። ከእኛ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወረቀት አወጣች። «ጨዋታው አስተምሮኛል» ይላል፤ ከሥሩ ሁለት ሣጥን አለ፣ «አዎ» እና «የለም»።

«እንደ ሌላው ጊዜ እንዳያደርጉ» አለች። «እኔን ለማስደሰት አይደለም። የእውነት ተምረዋል?»

ስለ ቀይዋ መስመር ነገርኳት። አሁን ከኋላ የቆመውን ሰው አስቀድሜ እንደማናግር፣ ይሄ ግን ከጨዋታዋ ይሁን ከዕድሜ እንደማልለይ፣ መለየት ይቻል የነበረውም መጀመሪያ በትክክል ብጫወት እንደነበር።

«እና አዎ ነው የለም?»

ሃያ ሦስት ዓመት ስነግድ ለጠየቀኝ ሰው መልስ አጥቼ አላውቅም። የሌለኝን ዕቃ እንኳ ነገ ይገባል እላለሁ።

«አላውቅም» አልኳት።

ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። ይናደዳል ብዬ የጠበቅኩት ፊቷ ሐሳብ ያዘው። ከዚያ በብዕሯ ከሁለቱ ሣጥኖች አጠገብ ሦስተኛ ሣጥን ሣለችና መለሰችልኝ። እሱ ላይ ምልክት አደረግኩ።

ይቅር ትበለኝ አትበለኝ አልጠየቅኳትም፣ እሷም አላነሣችውም። ዘንድሮ ትጨርስ እንደሆነም አላውቅም፤ ጊዜዋ እየሄደ ነው። ከዚያን ቀን ወዲህ ትንሽ ቀለል ብሎኛል፣ ግን ግራ መጋባቱ አልተወኝም።

ያን ቀን ከወረቀቱ ሥር ስሜን ልጽፍ ስል እጄን ያዘችኝ።

«ስም አይጻፍም ጋሼ። አዲስ ቁጥር ልስጥዎት?»

«ያንኑ ሰባትን ስጪኝ» አልኳት። «ያጠፋው እሱ ነው።»