የእማማ ሱዳማ ጥላ የተለካ ዕለት

በቀረፋዋ በምትታወቅ ደሴት ላይ ባለችው ኡዱማልዌላ መንደር ውስጥ ቀረፋ መላጥ የማይችል ሰው አልነበረም፤ እንደ ኤማሊን የሚልጥ ግን አንድም አልነበረም። በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ቅርንጫፉን በናስ ዘንግ አሽታ፣ በአጭሯ ቢላዋ ሁለት ቦታ ሰንጥቃ፣ ልጡን ሳይቀደድ ሙልጭ አድርጋ ታወጣው ነበር። አባቷ ካሮሊስ ወሬ የማያበዛ ሰው ነው። ነጋዴ ሲመጣ ግን የእሷን የቀረፋ እስር ለብቻው ለይቶ፣ «ይሄ የልጄ እጅ ነው» ይላል።

አንድ የሙሉ ጨረቃ ቀን ከአክስቷ ጋር የቡድሃ ገዳም ሄዳ መነኮሳቱ በጥንቱ በፓሊ ቋንቋ ሲደግሙ ትሰማለች። ሴቶቹ ሁሉ እጃቸውን አጋጥመው ተቀምጠዋል። ግማሾቹ ያንጎላጃሉ።

«አክስቴ፣ ምን እያሉ ነው?»

«መልካም ነገር ነዋ!»

«ምን ዓይነት መልካም ነገር?»

«አርፈሽ ስሚ! እኔ ሠላሳ ዓመት ስሰማ አንድ ቀን ጠይቄ አውቃለሁ?»

ኤማሊን ያን ቀን ተናድዳ ወደ ቤቷ ገባች። በማግስቱ ሥራዋን ጥላ ተመልሳ ሄደችና የገዳሙን አለቃ አባ ሬዋታን አገኘቻቸው። አባ ሬዋታ ያኔ አርባ አልሞላቸውም። ቁጡ ናቸው እየተባለ ልጆች ሲያዩአቸው መንገድ ይቀይሩ ነበር።

«አባ፣ ትናንት የደገማችሁት ትርጉሙ ምንድን ነው?»

እሳቸውም ትኩር ብለው አዩአት። «ትርጉሙን ብነግርሽ እስከ ነገ ትረሺዋለሽ። ቋንቋውን ብትማሪ ግን አንቺው ራስሽ ትነግሪኛለሽ።»

መነኩሴ ከሴት ጋር ለብቻው መቀመጥ አይችልም። ስለዚህ አባ ሬዋታ ከክፍላቸው ውስጥ በመስኮት፣ ኤማሊን ውጭ በረንዳው ላይ፣ አክስቷ ደግሞ ለምስክርነት መሃል ላይ ሆነው ትምህርቱ ተጀመረ። አክስትየዋ ገና ከመቀመጧ ታንኮራፋለች። «ቀስቅሻት እስቲ» ይላሉ አባ ሬዋታ፣ «ግሱን ስናረባ አብራን ታረባለች።» ኤማሊን ትስቃለች፤ እሳቸው አይስቁም። እንዲህ እየተባለ አምስት ዓመት አለፈ።

ሃያ አራት ዓመት ሲሞላት ለአባቷ መመንኮስ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«ማን አስከፋሽ?» አለ ካሮሊስ።

«ማንም።»

«ታዲያ ምን ጎደለብሽ?»

«አባዬ፣ ቢላዋው እጄ ላይ ነው፣ ሐሳቤ ግን መጽሐፉ ላይ ነው። አንድ ቀን ጣቴን እቆርጠዋለሁ።»

ካሮሊስ ወደ ሥራው ተመለሰ። መንደሩ ግን አንድ አስተማሪ ሊያገባት ቃል ገብቶ ትቷት ሄደ ብሎ የራሱን ታሪክ ፈጠረ። እሷም አላስተባበለችም። ለመጽሐፍ ብላ ነው ከማለት ለወንድ ብላ ነው ማለት ለሰው ይቀልለዋል። አባቷ ስድስት ወር ሙሉ ስለ ነገሩ ትንፍሽ አላለም። አንድ ጠዋት ግን መላጫው ዳስ ውስጥ ስትገባ ቢላዋዋ በቦታው የለም። ዞር ብላ ስታይ ታናሽ እህቷ ይዛዋለች። አባቷ አንገቱን ደፍቶ ቅርንጫፍ ያሻል። ያኔ እንደፈቀደላት ገባት።

በዚያ ዘመን በደሴቲቱ ላይ ሙሉ መነኩሲት የምትባል ሴት አልነበረችም። ሴትን የሚያመነኩሱ መነኩሲቶች ናቸው፤ የእነሱ ሐረግ ደግሞ ከተበጠሰ ሺህ ዓመት አልፎታል። አንዲት ሴት ብትፈልግ ልትይዝ የምትችለው ዐሥሩን የሥነ ምግባር ሕጎች ብቻ ነው። ጠጉሯን ተላጭታ፣ ወይባ ለብሳ፣ «እማማ» ተብላ ትኖራለች። «እማሆይ» ግን አትባልም፤ ያ ለሙሉ መነኩሲት የተጠበቀ ነው። ኤማሊንም ተላጨች፣ ወይባውን ለበሰች፣ ሱዳማ ተባለች። ካሮሊስ ሰው ሁሉ እያየ እግሯ ሥር ሦስት ጊዜ ሰገደና፣ «እማማ፣ ደኅና ይሁኑ» አላት። በሕይወቷ ሙሉ አንቺ ሲላት ኖሮ ያን ቀን አንቱ አላት። ከዚያ ወዲህ ከአባ ሬዋታ በቀር አንቱ ያላላቸው ሰው የለም፤ እኔም አንቱ እላቸዋለሁ።

እማማ ሱዳማ ከገዳሙ አጥር ወዲያ አባ ሬዋታ በሰጧቸው አንዲት ክፍል ውስጥ አርባ ሁለት ዓመት ተቀመጡ። እሑድ እሑድ የመንደሩን ልጆች ያስተምራሉ፤ ለመረጧቸው ሴቶች ደግሞ ፓሊ ያስጠናሉ። አስተማሪነታቸውን የሚጠራጠር አልነበረም። ለተዝካር ሲጠሩ ግን መነኮሳቱ ነጭ ጨርቅ የለበሰ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ፣ እሳቸው ከሴቶቹ ጋር በር ሥር ምንጣፍ ላይ። ምግብ መጨረሻ ይደርሳቸዋል። ሰዉ በክፋት አልነበረም፤ ሥርዓቱ ነው። ሲጠየቁም፣ «ምንጣፉ ይሻለኛል፤ ማን እንዳልበላ ከዚህ ነው የሚታየው» ይሉ ነበር።

ካስተማሯቸው ሁሉ የበለጠችው የዓሣ ሻጭ ልጅ ኒልሚኒ ናት። ድምጿ ከመንገድ ማዶ ይሰማል። ጥያቄዋ አያልቅም። በዐሥራ ሰባት ዓመቷ እሳቸው ራሳቸው ላጭተዋት ኩሳላ ተባለች። ዐሥር ዓመት አብረው ኖሩ። አንድ ቀን ከሱቅ ጋዜጣ ይዛ እየሮጠች መጣች።

«እማማ፣ ሰሙ? ሙሉ ምንኩስና ለሴቶች ተጀመረ! ሐረጉ በሌላ አገር ሳይቋረጥ ቆይቷል አሉ። እንሂድ!»

እማማ ሱዳማ ሩዝ እየለቀሙ ነበር፤ ቀና አላሉም። «አባ ሬዋታ አይወዱትም። የተበጠሰ ተበጥሷል ብለዋል።»

«አባ ሬዋታን ማን ጠየቃቸው?»

«እኔ ጠይቄአቸዋለሁ። መስኮቱ ሥር አምስት ዓመት የተማርኩት እኔ ነኝ።»

«እንዴ እማማ! ለአንድ መስኮት ስንት ዓመት ይታሰራሉ?»

ይህን ካለች በኋላ ሁለቱም ደነገጡ። ኩሳላ ይቅርታ ጠየቀች፤ እማማ ሱዳማም፣ «የጠየቅሽው ልክ ነው፤ አጠያየቅሽ ነው ያልተገራው» አሏት። በሳምንቱ ልጅቱ በጠዋቱ አውቶቡስ ወጣች። እማማ ሱዳማ በእጃቸው የጻፉትን የሰዋስው ደብተር አስይዘዋት እስከ መንገዱ ሸኟት። ከዚያ በኋላ በዓመት ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ይመጣል። እማማ ሱዳማ ያነቡታል፣ ያጥፉታል፣ መጽሐፍ መሃል ያኖሩታል።

ጄሲ ኖና የምትባል ጎረቤት ነበረች። ማክሰኞ ማክሰኞ ሩዝና ምስር፣ የተፈቀፈቀ ኮኮናት በበርበሬ ለውሳ የምታመጣላቸው እሷ ናት። ኩሳላ ከሄደች ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት ጄሲ ኖና ኩላሊቷን ታመመችና አልጋ ያዘች። እማማ ሱዳማ ሊደግሙላት ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ።

«እማማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አይቆጡኝም?»

«ጠይቂ።»

«አርባ ዓመት ማክሰኞ አላሳለፍኩም። አሁን የሙታን ንጉሥ ሩዝሽን ለማን ሰጠሽ ቢለኝ ምን ልበለው? ለመነኩሲት? ወይስ ለጎረቤት?»

«ለኤማሊን በይው።»

«እሷንማ አውቃታለሁ፤ ቀረፋ ላጪ ነበረች!» ጄሲ ኖና ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። እማማ ሱዳማም አብረው ሳቁ። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ግን መንገድ ዳር ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀመጡ። ከሃያ አራት ዓመታቸው ጀምሮ ያልጠየቁትን ጥያቄ አንዲት ታማሚ በቀልድ ጠየቀቻቸው።

ጄሲ ኖና በተቀበረች በሰባተኛው ቀን እማማ ሱዳማ አባ ሬዋታ ዘንድ ገቡ። አባ ሬዋታ ሰማንያ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ዐይናቸው ደክሟል።

«አባቴ፣ ልሄድ ነው የመጣሁት።»

«ወዴት እንደሆነ አውቃለሁ» አሉ ሽማግሌው። «ሐሳቤን አልለወጥኩም። ግን ሂጂም አልልሽም፣ አትሂጂም አልልሽም። ቀኑን ብቻ አትንገሪኝ።»

«ቅር ይልዎታል?»

«ድሮ ቅር ይለኝ ነበር። አሁን እንኳን ለቅሬታ ለመቆምም ጉልበት የለኝም።»

እማማ ሱዳማ ሰግደው ወጡ። ቀኑንም አልነገሯቸውም።

ኩሳላ የምትኖርበት የሴቶች ገዳም የደረሱ ዕለት እሷ ከግቢው መጨረሻ እየሮጠች መጣች። እንደ ድሮዋ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ጎንበስ ስትል ድንገት ቆመች። አሁን እሷ ሙሉ መነኩሲት ናት፤ ሕጉ ዐሥሩን ብቻ ለያዘች እንድትሰግድ አይፈቅድላትም። እጇን የምታደርግበት አጣች።

«እማማ፣ ምን ላድርግ?»

«ሻይ አፍዪልኝ። ስድስት ሰዓት ሙሉ አውቶቡስ ላይ ነበርኩ።»

ከሙሉ ምንኩስና በፊት ሁለት ዓመት የፈተና ጊዜ አለ። እማማ ሱዳማ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከሃያ ዓመት ልጆች ጋር ግቢ ጠረጉ፣ ውኃ ቀዱ። ከሦስት መቶ በላይ የሆኑትን የመነኩሲት ሕጎች ከሀ እስከ ፐ በቃላቸው ያዙ። ልጆቹ «አያቴ» ይሏቸዋል። ጉልበታቸው አብጦ አንዳንድ ጠዋት መነሣት ያቅታቸዋል። ኩሳላ ቀለል ያለ ሥራ ልትሰጣቸው ስትሞክር፣ «ይሄን የምታደርጊው ለሁሉም ከሆነ እሺ» ብለው መጥረጊያቸውን ይይዛሉ።

የሙሉ ምንኩስናው ዕለት ሲደርስ ከጉባኤው ፈንጠር ብላ እጩዋን የምትጠይቀው ኩሳላ እንድትሆን ተወሰነ። የገዳሙ እመምኔት የመደቧት ሆን ብለው ይሁን ተራው ደርሶ አይታወቅም። ጥያቄው በፓሊ ነው፤ ፓሊ ደግሞ አንቱ አያውቅም። ኩሳላ ፊት ለፊታቸው ቆማ ስትጀምር ያ ከመንገድ ማዶ የሚሰማው ድምጿ ጠፋ።

«ሰው ነሽ?»

«አዎን፣ ክብርት ሆይ።»

«ሴት ነሽ?»

«አዎን፣ ክብርት ሆይ።»

«እናትና አባትሽ ፈቅደውልሻል?»

ካሮሊስ ከሞተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ለሞተ ወላጅ ምን እንደሚመለስ አስቀድመው አስጠንተዋቸው ነበር፤ ያጠኑት ግን አልመጣላቸውም። «አዎን፣ ክብርት ሆይ» አሉ፣ «አባቴ ፈቅዶልኛል።» ኩሳላ አላረመቻቸውም። ጥያቄውን ጨርሳ ወደ ጉባኤው መራቻቸው። በመነኩሲቶቹ ፊት፣ ቀጥሎም በመነኮሳቱ ፊት ሦስት ሦስት ጊዜ ተጠየቀላቸው፤ ማንም አልተቃወመም።

ሥርዓቱ እንዳለቀ ግቢው ውስጥ ፀሐይ ላይ አቆሟቸውና አንዲት መነኩሲት ጥላቸውን በእግሯ ለካች። አራት እግር ከግማሽ ሆነ። ዓመቱ፣ ወራቱ፣ ሰዓቱ ተጻፈ፤ የአንድ መነኩሲት ዕድሜ ከዚያች ጥላ ይጀምራል። ከእሳቸው በፊት ጥላዋ የተለካ ሁሉ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ብትሆንም፣ ታላቃቸው ናት።

ከዚያ ለታላላቆቻቸው በተራ ሰገዱ። ኩሳላ ሰባተኛ ነበረች። እማሆይ ሱዳማ ተንበርክከው ግንባራቸውን መሬት አስነኩ።

«ጉልበትዎን ይጠንቀቁ» አለች ኩሳላ በሹክሹክታ።

«ዝም በይ፤ ቁጥሬን ታጠፊብኛለሽ።»

ሦስተኛውን ሰገዱና ቀና አሉ። ያን ቀን እፍረት ወይም ኩራት ይሰማኛል ብለው ፈርተው ነበር። ሁለቱም አልመጡም። ልጅቱ እያለቀሰችም ቢሆን እንዳስተማሯት ወገቧን ቀጥ አድርጋ መቀመጧን አዩና ደስ አላቸው። ከዚያ ወደ ስምንተኛዋ ዞሩ።

ወደ ኡዱማልዌላ የተመለሱት ከአንድ ክረምት በኋላ ነው። መጀመሪያ በተጠሩበት ተዝካር ባለቤቶቹ የት እንደሚያስቀምጧቸው ጨንቋቸው እርስ በርስ ሲተያዩ ቆዩ። በመጨረሻ የሟቹ ልጅ አንድ ወንበር ነጭ ጨርቅ አልብሶ ከመነኮሳቱ ትንሽ ራቅ አድርጎ አኖረና፣ «እማሆይ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለ። ተቀመጡ። ከዚያ ወንበር ያልበላውን ሰው ማየት አስቸገራቸው፤ አንገታቸውን ሲያሰግጉ ሰው ሁሉ አየ።

አባ ሬዋታ ዘንድ ሲገቡ ሽማግሌው ዐይናቸው ፈጽሞ ጠፍቶ ነበር፤ በእግራቸው ኮቴ ለዩአቸው።

«ስንት ክረምት አለሽ?»

ይህ መነኮሳት ሲገናኙ የምንኩስና ዕድሜያቸውን ለማወቅ እርስ በርስ ብቻ የሚጠያየቁት ጥያቄ ነው። ምንጣፍ ላይ ለተቀመጠች እማማ አይቀርብም።

«አንድ፣ አባቴ።»

«ትንሽ ነው» አሉ አባ ሬዋታ። ልክ ነበርሽ አላሉም፣ ተሳስቻለሁም አላሉም። መጽሐፍ አውጥተው እንዲያነቡላቸው ጠየቁ፤ እማሆይም አነበቡ። ሽማግሌው እስኪሞቱ ድረስ በየቀኑ ከቁርስ በኋላ አንድ ምዕራፍ ይነበብላቸው ነበር፤ ስሕተት ሲሰሙም ተቆጥተው ያስደግማሉ።

እማሆይ ሱዳማ ዛሬም ያስተምራሉ። ስድስት ሴት ልጆች ፓሊ ያጠናሉ። ከእነሱ አንዷ መመንኮስ ትፈልጋለች፣ አባቷ ግን አሻፈረኝ ብሏል። ሐሙስ ዕለት እማሆይ ጃንጥላቸውን ይዘው ሰውየው ቤት ሊሄዱ ነው። ልጄን አያግባቡብኝ ቢላቸው ምን እንደሚሉት እስካሁን አላወቁም።