ሙሉ ገጽ ሰላምታ

ሪችፊልድ ከተማ፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ ጠዋት ጠዋት ስፓኒሽ ተናጋሪ ለሆኑ አዋቂዎች የእንግሊዝኛ አጻጻፍ አስተምር ነበር። ክፍሉ ከተዘጋ ቆይቷል። እኔ ግን በዚያ በኩል ድራይቭ ሳደርግ እስከ ዛሬ ቀስ እላለሁ።

ቁጡ አስተማሪ ነበርኩ፣ አልክድም። በተለይ ደብዳቤ ሲጽፉ ያበግኑኝ ነበር። ፈቃድ ለመጠየቅ የተጻፈ ደብዳቤ የአለቃውን ጤና፣ የሚስቱን ጤና፣ የልጆቹን ጤና ጠይቆ፣ እግዚአብሔርንም አመስግኖ፣ ዋናው ጉዳይ ገጹ ሊያልቅ ሲል ብቅ ይላል። "እዚህ አገር ሰው የሚያነበው ሁለት መስመር ነው" እላለሁ። ቀይ እስክሪብቶዬ አይምርም። ጉዱ ግን፣ አገር ቤት ልጅ ሆኜ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችን ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ነበርኩ። የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጤና አንድ በአንድ ሳልጠይቅ ወደ ጉዳዩ ገብቼ አላውቅም። ይህን ለተማሪዎቼ አልነገርኳቸውም።

ከኢኳዶር የመጣች አንዲት እናት ነበረች። "ማኤስትራ" ትለኛለች፤ በነሱ ቋንቋ አስተማሪ ማለት ነው። ሻኮፒ የሚባል ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ የማታ ሺፍት ትሠራለች። "ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እኔ ወጥቻለሁ፤ እኔ ስመለስ እሷ ተኝታለች" አለችኝ አንድ ቀን። ወደ ቀን ሺፍት እንዲያዛውራት ለአለቃዋ የጻፈችውን ደብዳቤ አሳየችኝ። ገጹ በሙሉ ሰላምታ ነው። ሰረዝኩት። ሁለት መስመር ቀረ።

"ማኤስትራ፣ ሰላም እንኳ ሳልለው?" አለች፣ ፊቷ ቀልቶ።

"ሰላምታ ልጅሽን አያመጣልሽም" አልኳት። ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሁለቱን መስመር ገልብጣ ወሰደች። በሁለተኛው ሳምንት ወንበሯ ባዶ ሆነ። ምን ነካት ብዬ ስብሰለሰል፣ አብራት የምትማር ጎረቤቷ ፖስታ አመጣችልኝ። ውስጡ በእንግሊዝኛ፣ በእጅ የተጻፈ አንድ ገጽ ደብዳቤ ነበር። ጤናዬን፣ ደረጃ ስወርድ የሚያመኝን ጉልበቴን፣ አይታቸው የማታውቃቸውን ልጆቼን ሁሉ ጠይቃለች። በረዶ ላይ እንዳልወድቅም መክራኛለች። ከታች፣ ቦታ ጠቧት በደቃቁ፣ "የቀን ሺፍት ሰጡኝ። ልጄን ከአውቶቡስ የምቀበላት እኔ ነኝ። ከእንግዲህ ጠዋት መምጣት አልችልም" ይላል።

እንዴት እንዳላሰብኩት እንጃ። የቀን ሺፍት ማለት እኮ ከእኔ ክፍል መቅረት ነው።

ስሕተት ነበረበት፤ ቀይ እስክሪብቶዬን ግን አላነሳሁም። ዕለቱን መልስ ልጽፍላት ተቀመጥኩ። የልጅዋን ጤና፣ የእናቷን ጤና፣ የጎረቤቷን ጤና ስጠይቅ ገጹ አለቀ። ናፍቀሽኛል ለማለት ሌላ ወረቀት አስፈለገኝ።