በአንገት የዋለው ቁልፍ

አውቶቡስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ አንገታቸው ላይ ትልቅ ቁልፍ አንጠልጥለዋል። ወሬ እወዳለሁና “የቤትዎ ነው?” አልኳቸው።

“የቤቴማ ምንጣፍ ሥር ነው ያለው!” ብለው ሳቁ።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የላብራቶሪ ረዳት ሆነው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። አንድ የቀድሞ ተማሪ ሲያልፍለት “ለታናናሾቼ ይሁን” ብሎ ለመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ሃያ ማይክሮስኮፕ ላከ። የክፍሉ ኃላፊ ግን “ውድ ዕቃ ነው፣ ይሰብሩታል” ብሎ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈባቸው። ስልሳ ተማሪ እዚያው አንድ አሮጌ ማይክሮስኮፕ ላይ ተሰልፎ ቀረ፤ የመጨረሻው ልጅ ተራው ሲደርስ የሽንኩርቱ ልጣጭ ደርቆ ይጠብቀዋል።

በዓመቱ ለጋሹ ሊጎበኝ መጣ። ኃላፊው ቁምሳጥኑን ከፍቶ “ይኸው፣ አቧራ እንኳ አልነካቸውም!” አለ ደረቱን ነፍቶ።

“ተማሪስ ነክቷቸዋል?” አለ ሰውየው።

ይኼኔ ሴትዮዋ በፕላስተር የታሰረውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ ይዘው ከተፍ አሉ። “አንተ ልጅ፣ ይኼን ረሳኸው? አንገቱን የሰበርከው አንተ፣ አስሬ የደበቅኩልህ እኔ!”

ሰውየው አፍሮም ስቆም አልበቃው። ቁልፉን ከኃላፊው ተቀብሎ ለእሳቸው ሰጠ።

“ተማሪዎቹ እስካሁን ሁለት ሰብረዋል” አሉኝ፣ የልጅ ልጃቸው የተመረቀ ያህል ደስ ብሏቸው።

“አያናድድዎትም?”

ፌርማታቸው ደርሶ ነበር። ከደረጃው ላይ ዞር ብለው “ምን ያናድደኛል ልጄ? የማይሰበር የፈለገ ድንጋይ ይለግስ!” አሉኝ።