አንቱ የተባለችው የአንደኛ ዓመት ተማሪ

የልጅ ልጄን የሕክምና ትምህርት ቤት ደጃፍ እንኳ ሳትረግጥ ዶክተር ብሎ የጠራት ልጄ ነው፤ አጎቷ ማለት ነው። መካነ ኢየሱስ ከተማ የሕንፃ መሣሪያ ይነግዳል፤ ቆርቆሮ፣ ሚስማር፣ ቀለም፣ ሲሚንቶ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በስልክ የታየ ዕለት ከሱቁ ወጥቶ መሐል መንገድ ላይ ቆመና «ከእኛ ቤት ዶክተር ወጣ» አለ። ባጃጅ እስኪያልፍ እንኳ አልጠበቀም። ልጅቱ በዚያ ሰዓት ጓሮ ልብስ ታሰጣ ነበር። ውጤቷን ስነግራት «እሺ» አለችና የቀረውን ልብስ አስጥታ ጨረሰች። ያን ጊዜ ወደድኳት። አልነገርኳትም።

ያሳደግኋት እኔ ነኝ። እናቷ ሥራ ይዛ ሩቅ አገር ስትሄድ ገና ጥርስ አላበቀለችም ነበር። እቴቴ ትለኛለች፤ አንቺም ትለኛለች። አንቱታ ለቄስና ለእንግዳ ይበቃል ብዬ ስለማምን አንቱ በይኝ ብዬ አላስለመድኳትም።

እኔ በዘመኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ከዚያ በኋላ እስከ ጡረታ በወረዳ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበርኩ። የሰው ማዕረግ ስመታ ነው የኖርኩት፤ አቶ፣ ወይዘሮ፣ መምህር፣ ቀሲስ። ማዕረግ ሰውን እንዴት እንደሚያሰክር ከእኔ በላይ ያየ ያለ አይመስለኝም። አንድ ተጠባባቂ ኃላፊ «ተጠባባቂ» የምትለዋን ቃል እንድተዋት ለምኖኝ ያውቃል። አልተውኳትም። መሥሪያ ቤቱን እስኪለቅ ሰላምታ ነፈገኝ። እሱ ግን ቢያንስ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ነበር። የእኛዋ ልጅ ወንበሩ የት እንዳለም ገና አላየችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን በምክር ተሞላ። ከትምህርት ቤቷ ሁለት መምህራን መጥተው እንዲህ ያለ ውጤት ሕክምና ካልገባ ባከነ ብለው ሄዱ። ውጤት እንደ እርጎ ነው የሚመስላቸው፤ ቶሎ ካልተናጠ የሚበላሽ። ልጄ ሱቁ ለመጣው ሁሉ «ከሕፃንነቷ ጀምራ ወገኗን ማከም ነው የምትመኘው» ይል ነበር። ውሸት ነው። በሕፃንነቷ የምትመኘው የአውቶቡስ ረዳት መሆን ነበር። በር ላይ ተንጠልጥላ «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!» ማለት። አጥሩ ላይ ወጥታ ስትለማመድ ስንት ጊዜ አውርጃታለሁ።

ዩኒቨርሲቲ ገባች። የመጀመሪያው ዓመት የሁሉም ተማሪ የጋራ ትምህርት ነው፤ ሕክምና የሚገባው ከዚያ በኋላ በውጤትና በፈተና ተለይቶ ነው። ይህን ለልጄ ብዙ ጊዜ አስረድቼዋለሁ። «እሱ የወረቀት ነገር ነው» ይለኛል፤ ዕድሜዬን በወረቀት ነገር ላይ የፈጀሁትን እኔን። ምርጫ የምትሞላበት ጊዜ ሲደርስ ደወለችልኝ።

«ሕክምና ሞላሁ።»

«ለምን?»

«ውጤቴ ይበቃል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይሁን እቴቴ? ያለፈውን ዓመት ክፍል ውስጥ ስተኛ ነው የከረምኩት። ሕክምና ከባድ ነው ሲሉ ሰማሁ። ምናልባት እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ስለ ሕክምና ከሰማኋቸው ምክንያቶች ሁሉ ያመንኩት ይህን ብቻ ነው።

ተቀበሏት። ልጄ ደብረ ታቦር ሄዶ ባነር አሳተመ። የቤቴን ፊት ከጣሪያ እስከ መስኮት የሚሸፍን። ላዩ ላይ በትልልቅ ፊደል «እንኳን ደስ አለዎት ዶክተር» ተጽፎበታል። አለዎት! የሃያ ዓመት ልጅ፣ ካልሲዋን አልጋ ሥር የምትጥል። ከጽሑፉ ጎን ነጭ ጋዋን ለብሳ፣ የልብ ማዳመጫ አንገቷ ላይ አድርጋ የተነሳችው ፎቶ አለ። ጋዋኑ የራሷ ነው። ማዳመጫው ግን ከከፍተኛ ክፍል ተማሪ የተዋሱት ነው፤ የክፍሉ ልጆች ሁሉ ተራ በተራ እየተቀባበሉ ተነስተውበታል። ይህን የነገረችኝ እሷው ናት።

«እስቲ ምን ይሰማል በሱ?» አልኳት።

«እንጃ። ጆሮዬ ላይ ሳላደርገው ተረኛው ወሰደው።»

የመጀመሪያውን ዓመት ሕክምና በስልክ አብሬያት የተማርኩ ያህል ነው። ሰው የሚያስበው ተማሪዎቹ በሽተኛ መሐል እንደሚመላለሱ ነው። የሚማሩት ግን አጥንት ነው። አንዷን የክንድ አጥንት ይዘው እዚህ ጋ ያለው ጉብታ ስሙ ምንድን ነው፣ በዚህ ቀዳዳ የሚያልፈው የደም ሥር የቱ ነው እያሉ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ከዚያም ሬሳ አለ። እንዳይበሰብስ የሚደረግበት መድኃኒት ዓይን ያስለቅሳል፤ ሽታው ከፀጉር አይለቅም። በመጀመሪያው ቀን አንድ ግዙፍ ልጅ ወድቆ ተሸክመው አወጡት። ይኸው ልጅ ቴሌግራሙ ላይ ከስሙ ፊት ዶክተር ብሎ ከጻፈ ቆይቷል አለችኝ።

«የሰውየው ስም ማን ነው?» አልኳት። ሬሳውን ማለቴ ነው።

«አይነግሩንም።»

ከአስተማሪዎቿ ሁሉ አንቱ ሊባል የሚገባው እሱ ይመስለኛል።

በመጀመሪያው ትልቅ ፈተና ወደቀች። በድጋሚ ካላለፈች እንደምትባረር ስትነግረኝ ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ንግግሯ ብቻ አጠረ። «ለአጎቴ አትንገሪው» አለች። አልነገርኩም። ባነሩ ሥር እየገባሁና እየወጣሁ ከረምኩ። በድጋሚው አለፈች።

ለፋሲካ መጣች። ከስታ፣ ዓይኗ ጎድጉዶ። ልጄ በግ አርዶ ነበር፤ እሷ ሥጋውን ስታይ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «እዚያ ጾም ላይ ናችሁ እንዴ?» አላት። «እዚያ ሌላ ነገር ላይ ነን» አለችው። አልገባውም።

በማግስቱ ሰው መምጣት ጀመረ። ልጄ በረንዳ ላይ ባለ መደገፊያ ወንበር አወጣላትና ጋዋንዎን ይልበሱ አላት። አልያዝኩትም አለችው። ይዛዋለች፤ ሻንጣዋ ውስጥ አይቼዋለሁ። መጀመሪያ የመጡት አንድ ጎረቤታችን ሽማግሌ ነበሩ፤ ወገባቸውን የሚያማቸው። ዱላቸውን ተደግፈው ለዚያች ልጅ ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጇን ጨበጧት። ወገባቸውን ነው የሚያማቸው።

«ዶክተር፣ እንደምን አሉ?»

«እኔ ዶክተር አይደለሁም አባባ። ተማሪ ነኝ። ምንም አላውቅም።»

ሽማግሌው ወደ ልጄ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ትሕትናዋን አየህ?» አሉት።

የጉዳዩ ክፋት እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር የተማረ ሰው አላውቅም ይላል። ቤተ ልሔም ድጓ ቤት ዕድሜያቸውን በትምህርት የጨረሱ የኔታ «ምን አውቄ» ሲሉ እንጂ «አውቃለሁ» ሲሉ የሰማቸው የለም። አውቃለሁ የሚል ገና ጀማሪ ነው። እንዲህ ስለሆነ ልጅቱ አላውቅም ባለች ቁጥር ሊቅነቷ እየጨመረ ሄደ። ጉልበቷን አሟት የምታነክስ ሴት መጣች፤ አላውቅም አለቻት፤ ሴትዮዋ ተመርቃ እንደተሸኘች ሁሉ ደስ ብሏት ሄደች። የምርመራ ውጤቱን ይዞ የመጣ ነጋዴም ነበር። «እዚያው የመረመሩህ ያንብቡልህ» አለችው። «ቁጥብ ናት» አለ ለጓደኛው። ከሰዓት በኋላ በረንዳው ሞላ። እኔ ጥግ ተቀምጬ እመለከት ነበር። ይህን ሁሉ ሰው አውቀዋለሁ፤ ጤና ጣቢያው ከቤቱ የራቀበት አንድም የለ። ጤና ጣቢያ ያለችዋን ነርስ ግን አንቺ ይሏታል።

የልጄ ሚስት ነፍሰ ጡር ነበረች፤ ወሯ ገና አልደረሰም። ለበዓሉ ስትለፋ ሰንብታለች። በዚያ ከሰዓት ውሃ ይዛ ስትወጣ ማሰሮውን ደፍ ላይ አስቀምጣ ቆመች።

«ምን ሆንሽ?» አልኳት።

«ራሴን። ከትናንት ጀምሮ አልለቀቀኝም። አሁን ደግሞ ዓይኔ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።»

ፊቷ አብጧል። የጋብቻ ቀለበቷ ጣቷ ውስጥ ሰምጧል። ልጄ ከተቀመጠበት ሳይነሳ ወደ ወንበሩ በአገጩ ጠቆማት። «ዶክተር ቤት ውስጥ እያሉ ምን ትጨነቂያለሽ? ይዩሽ።»

ልጅቱ ብድግ አለች። እጇን ያዘቻት፣ ፊቷን አየችው። «ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም» አለች። «አሁን ጤና ጣቢያ ትሂድ። አሁን።»

ልጄ ሳቀ። «ይኸው ነው የእሳቸው ነገር። ካስፈራቸው እኮ ይናገሩ ነበር። ተቀመጪ አንቺም፣ ትንሽ ይለፍልሽ።»

«አጎቴ፣ አላውቅም ነው የምልህ።»

«ሰምተናል ዶክተር።»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ። የጉልበት በሽተኛዋም ከጎረቤቷ ጋር ተመልሳ መጥታ ነበርና እሷም ፈገግ አለች። የልጄ ሚስት ባሏን አየች፣ ሰውን አየች፣ ከዚያ ደፉ ላይ ቁጭ አለች። ባሏ ተቀመጪ ካላት በኋላ እንግዳ ፊት ልሂድ አትልም። እኔ ተነስቼ «ባጃጅ ጥራ» አልኩት። ልጄ «እማዬ አታካብጂ፣ እዚህ የተማረ ሰው አለ» አለኝ።

ልጅቱ እኔን አየችኝ። ምን ልትል እንደሆነ ገባኝ። የእሷ ነገር ነው፤ እኔ ልናገርላት አይገባም።

«የመጀመሪያውን ፈተና ወድቄያለሁ» አለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እንግዳው ሁሉ እንዲሰማ። «ሊያባርሩኝ ነበር። በድጋሚ ነው ያለፍኩት። የማውቀው የክንድ አጥንት ስም ነው። አንድም በሽተኛ ነክቼ አላውቅም። የነካሁት ሬሳ ነው፤ በዚህ እጄ።» እጇን ዘርግታ አሳየቻቸው።

ሽማግሌው ቅድም እሷን የጨበጡበትን እጃቸውን ጋቢያቸው ላይ ጠረጉ። ቀስ ብለው ነው፣ ግን አየሁ።

«ወድቃ ነው?» አለች አንዷ።

«ወድቃ ነው» አለች ሌላዋ።

ያን ጊዜ አመኗት። ልጄ ፊቱ ቀልቶ ከወንበሩ ተነሳ። «አንድ ዓመት ሙሉ ታዲያ ምን ስትሠሪ ነበር አንቺ?» አላት። አንቺ። ከዚያ ሚስቱን አየ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት ይመስለኛል። ራሱ ሮጦ ባጃጅ ጠራ።

አብሬያት የሄድኩት እኔ ነኝ። ጤና ጣቢያ የደም ግፊቷን ለኩና ወዲያው አምቡላንስ ጠሩ። እዚያው ቤት ተኝታ ብታድር እሷም ልጇም አይተርፉም ነበር ብለው ሆስፒታል የነገሩን በኋላ ነው። በዚያው ሌሊት አዋለዷት። ሕፃኗ ሴት ናት፣ በጣም ትንሽ፤ ማሞቂያ ውስጥ አቆይተው ሰጡን። አሁን ደህና ናት። ድምፅዋ የአባቷን ይመስላል፤ ያለ ምክንያት ነው የምትጮኸው።

ልጄ ባነሩን አወረደው። አቧራ ጠጥቷል፣ ይታጠባል አለ። ታጥቦ አላየሁትም። ሱቁ ጀርባ የተከመረው ሲሚንቶ ዝናብ እንዳይነካው ሸፍኖበታል፤ ከ«አለዎት» «ዎት» የምትለዋ ብቻ ወደ ውጭ ትታያለች። ልጅቱን እስካሁን አላመሰገናትም። ሚስቱ ከሆስፒታል በስልክ «እግዜር ይስጥሽ» ብላታለች። ከተማው ደግሞ ሌላ ወሬ አገኘ። ገበያ ላይ «የወደቀችው ልጅ እንዴት ናት?» እያሉ ይጠይቁኛል፤ እነዚያው ወገባቸውንና ጉልበታቸውን የሚያማቸው። «ትማራለች» እላቸዋለሁ። ሌላ የምጨምርላቸው የለኝም። ደግነቱ አሁን ወገባቸውን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሄዳሉ።

ልጅቱ ወደ ዩኒቨርሲቲ የምትመለስበት ቀን መናኸሪያ ሸኘኋት። የሰፈር ሰው ከጎናችን ያልፋል፤ የሚጎነበስ አልነበረም። እሷ አላስተዋለችም፣ ወይም አስተውላ ቀልሏታል። የአውቶቡሱ ረዳት በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል፤ ቆም ብላ አየችው።

«በደንብ አይጮህም» አለችኝ።

«አንቺ ልጅ!» አላት ረዳቱ። «ሻንጣሽን አንሺና ወደ ውስጥ ጠጋ በይ። መንገድ ዘጋሽ እኮ።»

«እሺ» አለችና ሻንጣዋን አንስታ ጠጋ አለች።