ለአንድ ጁምዓ የተከፈተ በር

ሥራ የጀመርኩት ሰበታ ነው። ቀኑ ሰኞ ነበር። ጭቃው አንድ ጫማዬን ስለዋጠው ቢሮ የገባሁት ጫማዬን በእጄ አንጠልጥዬ ነው። የግንባታ ፈቃድ ክፍል ኃላፊው ኦቦ ድሪባ እግሬን አዩና መሳቢያቸውን ከፈቱ። ባለ አምሳ ሜትር ጥቅል መለኪያ፣ ውሃ ልክ፣ ስኬልና አንድ ማኅተም አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡልኝ። ማኅተሙ «አልተሟላም» ይላል።

«ሦስቱ ለውጭ ሥራ ናቸው። ማኅተሙ ግን ሁልጊዜ ከእጅሽ አይለይ» አሉኝ።

የተማርኩት የሕንፃ ንድፍ ሥራ ነው። ንድፍ መሳልም ማንበብም እችላለሁ። ቤተሰቦቼ የአዲስ አበባ ኪራይ ሲከብዳቸው ወደ ሰበታ የወጡ ናቸውና ሥራው ከቤቴ በእግር የሚያስኬድ ሆኖልኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፋይሌ የአንዲት ባልቴት ነበር። በረንዳቸውን በብሎኬት ዘግተው ክፍል ማድረግ ፈልገዋል። ንድፉ ላይ ከጎረቤት አጥር ያለው ርቀት አልተጻፈም። «ቅርብ ነው፣ ሄጄ ልለካው?» ብዬ ጠየቅሁ።

ኦቦ ድሪባ ሳቁ። «አስካለ፣ ልብ በይ። እዚህ ቤት ‹ይቻላል› ያለ ሰው አንድ ቀን ፊርማው ይፈለጋል። ‹አይቻልም› ያለ ሰው ግን ተፈልጎ አያውቅም።»

ኦቦ ድሪባ ክፉ ሰው አልነበሩም። ድሮ በፈረሙት አንድ ወረቀት ምክንያት ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት ሲመላለሱ ከርመዋል፤ ከዚያ የተረፋቸው ፍርሃት ነው። እኔ ግን ፍርሃታቸውን እንደ ሙያ ተቀበልኩት። በዚያው ቀን ማኅተሙን መታሁ።

ሰው የሕንፃ ፈቃድ ሲባል ፎቅ ይታየዋል። የእኛ ሥራ አብዛኛው ጥቃቅን ነው። አንዱ መስኮቱን በር ያደርጋል፣ ሌላው መኪና ማቆሚያውን ሱቅ ያደርጋል፣ ሳሎኗን ለሁለት ከፍላ የምታከራይም አለች። ሥራው እንዲህ ያለውን ለውጥ ሕጉ ከሚለው ጋር ማስተያየት ነው። መኖሪያ ወደ ንግድ፣ ንግድ ወደ መጋዘን ሲዞር የአገልግሎት ለውጥ ይባላል፤ የራሱ ቅጽ፣ የራሱ ኮሚቴ አለው።

ሕጉ ከንቱ ነው አልልም። ሰበታ ሳለሁ አንድ ሰው ከሕፃናት መዋያ ጋር ግድግዳ በሚጋራ ክፍል የጋዝ ሲሊንደር ማከማቸት ፈልጎ ከለከልኩት። ደጋግሞ መጣ፤ ደጋግሜ ከለከልኩት። በዚያ ዛሬም አልጸጸትም።

ችግሩ ሁሉንም እንደዚያ ማየቴ ነበር። ባለጉዳዮች «ወይዘሮ አልተሟላም» የሚል ስም አወጡልኝ። ስሰማው በመከፋት ፈንታ ኮራሁ።

መመሪያው በኦሮምኛ ነው። የእኔ ኦሮምኛ ለሰላምታና ለገበያ እንጂ ለመመሪያ የሚበቃ አልነበረም። የማውቀው ኦቦ ድሪባ በቃል ያስተማሩኝን ነው። ይህን ሰበብ አላደርገውም፤ አንብቡልኝ ብል የሚያነብልኝ ሰው በየጠረጴዛው ነበር። አላልኩም።

ቡራዩ የተዛወርኩት ‹ባለሙያ ሁለት› ወደሚባለው ደረጃ አድጌ ነው። ወይዘሮ ሰሚራ ወደ ቢሮዬ የመጣችው እዚያ ነው። በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት። ባሏ አቶ ሙክታር ከወሎ መጥቶ ቡራዩ ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። ስትሮክ መትቶት ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ ብሎታል፤ የሚንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው።

ቤታቸው ተዳፋት ላይ ነው። ሱቁ ከታች መንገዱ ላይ፣ መኖሪያው ከኋላ ከፍ ብሎ። በሁለቱ መካከል አሥራ አንድ ደረጃ አለ። ወይዘሮ ሰሚራ የፈለገችው ሱቁን ዘግታ ለባሏ መኝታ ማድረግ፣ የመንገድ በሩን ለዊልቸር ማስፋትና ከደፉ እስከ መንገዱ ትንሽ ራምፕ፣ ማለትም ጎማ የሚወርድበት ዘንበል ያለ መውረጃ፣ ማስደልደል ነው።

«ይሄ የአገልግሎት ለውጥ ነው» አልኳት።

«እንዴ፣ እህቴ! ለውጥማ መኖሪያ ሱቅ ሲሆን አይደል? እኛ ሱቅ እየዘጋን ነው።»

«ሁለቱም ለውጥ ነው። ንድፍ፣ የአርክቴክት ማኅተም፣ የግብር ክሊራንስ፣ የጎረቤት ስምምነት ያስፈልጋል።»

«ለአንድ በር?»

«ለአንድ በር።»

ቀስ ብላ አንድ በአንድ አስጻፈችኝ፤ እጇ ላይ ወረቀት ስላልነበረ የእኔን ሰጠኋት። ያቺን ወረቀት መስጠቴን ያን ቀን እንደ ደግነት ቆጥሬው ነበር።

ፋይሏን ሦስት ጊዜ መለስኩት። መጀመሪያ ንድፉ የጎን እይታ ስለሌለው፤ ቀጥሎ ክሊራንሱ ላይ የአቶ ሙክታር አባት ስም በአንድ ፊደል ስለተሳሳተ፤ በሦስተኛው የጎረቤቱ ስምምነት ስላልነበረ። ጎረቤቱ ጅማ ነው የሚኖረው። ሰሚራ ጅማ ሄዳ አስፈርማ መጣች። ይህ ሁሉ ሲሆን ከመስከረም እስከ ጥር ደረስን።

አራተኛ ስትመጣ የምመልስበት ስላጣሁ ለመለካት ሄድኩ። ከቢሮዬ እስከ ቤቷ አሥር ደቂቃ ነው።

አቶ ሙክታር ከኋላ ባለው ክፍል፣ የአጥር ግንብ ብቻ ከሚያሳይ መስኮት አጠገብ ተቀምጧል። ረጅም፣ ግዙፍ ሰው ነው። ምላሱ ይጎተታል እንጂ ንግግሩ ይሰማል።

«አከም ጅርታ፣ ወይዘሮ አስካለ» አለኝ። ስሜን ከወረቀቱ አንብቦ ያውቀዋል። «ደረጃው አደከመዎት?»

«ደህና ነኝ» አልኩ። «ሰው ይዞዎት መውረድ አይችልም?»

«አራት ሰው ከያዘኝ ይቻላል። ግን አራት ሰው ተሸክሞኝ የምወጣበት ቀን አንድ ነው፤ እሱ ለማንም አይቀርም። እስከዚያ ድረስ፣ እግሬ ባይሆን ጎማዬ ይውሰደኝ ብዬ ነው።»

ከታመመ ጀምሮ መስጊድ አልሄደም። መስጊዱ ከሱቁ ማዶ ነው፤ አዛኑ ክፍሉ ድረስ ይሰማል። የሚያውቃቸው ሁሉ ሱቁ በር ላይ ቆመው ለሰሚራ ሰላምታ ይሰጣሉ እንጂ ደረጃውን ሽቅብ የሚወጣ ጥቂት ነው።

ወርጄ ለካሁ። ራምፑ ቢሠራ ጫፉ ስልሳ ሳንቲ ሜትር ወደ እግረኛ መንገድ ይወጣል። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በግ ነጂም ጋሪም ያልፋል። ቅጹ ላይ ግን «ከይዞታ ወሰን 0.60 ወጥቷል፤ በኮሚቴ ይታይ» ብዬ ጻፍኩ። ኮሚቴው በዚያ ወር አልተሰበሰበም። በቀጣዩም አልተሰበሰበም።

ልጃቸው ፉአድ አልታገሠም። ኮተቤ አካባቢ የሚሠራ ግንበኛ ነው። አንድ እሑድ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር መጥቶ በሩን ከፈተ፤ የበሩን አናት በብረትና በአርማታ አስሮ ራምፑን ደለደለ። ሥራው ንጹሕ ነበር። ኋላ ደፉ ላይ ውሃ ልኬን አስቀምጬበታለሁ፤ አረፋው ከመሀል ንቅንቅ አላለም።

ሲሚንቶው እስኪጠና ጠብቀው አቶ ሙክታርን ወደ ሱቁ አወረዱት፤ መኝታውም እዚያ ሆነ። ከዚያ በኋላ በመጣው ዓርብ አቶ ሙክታር ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ማንም ሳይሸከመው፣ ፉአድ ከኋላ ወንበሩን ብቻ እየያዘ በራምፑ ወረደ። ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰ። ይህን የሰማሁት ሰኞ፣ ከጥቆማ ወረቀት ጋር ነው። ጥቆማው «ያለ ፈቃድ ግንባታ» ይላል። ማን እንደጻፈው አላውቅም።

ቡድን መሪዬን ጠየቅሁት። «አንቺ ነሽ ባለሙያዋ፤ ምን ይላል ሕጉ?» አለኝ።

«ይፍረስ ነው የሚለው» አልኩ። ወረቀት አልገለጥኩም። የሦስት ቀን ማስጠንቀቂያ ጽፌ ፈረምኩበት።

በአራተኛው ቀን ከደንብ አስከባሪዎች ጋር ሄድኩ። አቶ ሙክታር ሱቁ ውስጥ፣ አዲሱ በር ላይ ተቀምጧል። ሰሚራ ከኋላው ቆማለች። መዶሻው ራምፑ ላይ ሲያርፍ ፉአድ ዘሎ ወጣ።

«ተው፣ ፉአድ» አለው አባቱ። «የታዘዙትን ነው የሚሠሩት።»

ፉአድ ቆመ። እኔን እያየኝ ግን «እሷስ? እሷን ማን አዘዛት?» አለ።

ሰዎቹ ጥቂት እንደሠሩ አቧራው አፈናቸውና ያስሉ ጀመር። አቶ ሙክታር ወደ ሚስቱ ዞረ። «ሰሚራ፣ ውሃ አምጪላቸው።» ለእኔም ተቀዳልኝ። ጠጣሁ። ብርጭቆውን የት እንዳስቀመጥኩት እንኳ አላስታውስም።

በሩ ወደ ድሮ ስፋቱ እንዲመለስ በብሎኬት ተዘጋ። ማታ አራት ሰዎች ተጠርተው አቶ ሙክታርን በአሥራ አንዱ ደረጃ ተሸክመው አወጡት።

ዓመት ሊሞላው ሲል ጫልቱ የምትባል ልጅ ተመድባ ከጎኔ ተቀመጠች። ከዩኒቨርሲቲ ገና መውጣቷ ነው። አንድ ቀን አንድ ሰው የመታጠቢያ ቤት በር ለእናቱ ላስፋ ብሎ መጣ። እጄ ወደ ማኅተሙ ሲሄድ ጫልቱ ቀና አለች።

«እትዬ አስካለ፣ ይሄ እኮ ፈቃድ አይጠይቅም።»

«የት ይላል?»

«አባሪው ላይ ነዋ።» መመሪያውን ከመደርደሪያ አወረደች። የመጨረሻዎቹ ገጾች ገና ያልተገለጡ፣ ተጣብቀው የቀሩ ነበሩ። በጥፍሯ ጫፍ ለያየቻቸውና በኦሮምኛ እያነበበች ተረጎመችልኝ። አነስተኛ ሥራዎች ይላል። ምሰሶ የማይነካ የበርና የመስኮት ማስፋት። መራመድ ለማይችል ሰው የሚሠራ ራምፕ። ባለቤቱ ሱቁን ዘግቶ ራሱ ሲኖርበትም የአገልግሎት ለውጥ አይባልም። ለእነዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ገጽ የማሳወቂያ ቅጽ ነው።

«ራምፑ ወደ መንገድ ከወጣስ?» አልኳት።

ጣቷን ወደ ታች አወረደች። «እግረኛ የሚያልፍበት ከተረፈ እስከ አንድ ሜትር ይቻላል።»

«መቼ የተጨመረ ነው?»

«አልተጨመረም። ከመጀመሪያውም እዚሁ ነበር።»

ባለጉዳዩን ለጫልቱ ተውኩላትና ወጣሁ። ግቢው ውስጥ ካለው የውሃ ታንከር ሥር ቆምኩ። ስልሳ ሳንቲ ሜትር። ሰሚራ ጅማ ድረስ የሄደችው ለምንም አልነበረም።

ለቡድን መሪዬ ነገርኩት። የሰማኝ ስልኩን እያየ ነው። «ማን ከሰሰሽ?» አለ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ምን ያስጨንቅሻል? ተይው።» በዚያው ዓመት የደረጃ ዕድገት ጻፈልኝ።

ቅጹን ራሴ ሞልቼ ወደ ሰሚራ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፍታ ስታየኝ አልገረማትም። «ደግሞ ምን ጎደለ?» አለችኝ።

«ምንም አልጎደለም። ያኔም አልጎደለም ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። በሩ ፈቃድ አያስፈልገውም ነበር።»

«ያኔም ይቻል ነበር?»

«አዎ።»

«ስታፈርሺው አላወቅሽም?»

«አላነበብኩትም ነበር።»

ቢያንስ ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። የነጠላዋን ጫፍ አጠፈች፣ ዘረጋች። «አሁን መቀመጥ አይችልም። ስትሮኩ ሁለተኛ መታው» አለች።

አስገባችኝ። አቶ ሙክታር ፍራሽ ላይ ተኝቷል፤ ዊልቸሩ ታጥፎ ግድግዳ ተደግፏል። ስሜን ነገረችው። ያልኳትን ደግሜ ለእሱ አልኩት፣ ይቅርታም ጠየቅሁት። ከዚያ አፉ እየተጎተተ፣ «ደግ ነው፤ አንድ ጁምዓ አግኝቻለሁ» አለ።

ሰሚራ ቅጹን ፈረመች። ፉአድ በሩን እንደገና ከፈተ፤ በሱቁ ውስጥም አልጋ ዘረጉለት። ራምፑን ግን አልሠራም። «ማን ሊወርድበት?» አለኝ ስጠይቀው፤ ቀና ብሎም አላየኝ። አቶ ሙክታር እዚያ አልጋ ላይ ሆኖ መንገዱን ያያል፤ አላፊው «ኦቦ ሙክታር!» ብሎ ሰላም ይለዋል፤ ግራ እጁን ያነሣል። እኔ በዚያ መንገድ ማለፍ ስላቃተኝ ዞሬ በቢሮው የኋላ በር እገባ ነበር። ወር ሳይሞላው አራቱ ሰዎች መጡና ተሸክመው አወጡት። ቀብሩ ላይ ሩቅ ቆሜ ነበር። ፉአድ አየኝ፤ ፊቱን አላዞረም፣ አልቀረበኝምም።

የመጨረሻዎቹን የሥራ ዓመታት ያሳለፍኩት ሱሉልታ ነው። ኦሮምኛውን እዚያ በደንብ ተማርኩ፤ መመሪያውንም ከነአባሪዎቹ ሁለት ጊዜ ጨረስኩት። አዲስ ባለሙያ ሲመጣ ማኅተም አልሰጠውም ነበር። መጀመሪያ መለኪያውን አስይዤ ወደ ባለጉዳዩ ቤት እልከዋለሁ፤ ሲመለስ «ማን ይኖርበታል? ምን ይፈልጋሉ? የትኛው አንቀጽ ይከለክላል?» ብዬ እጠይቀዋለሁ። አንቀጹን በጣቱ ካላሳየኝ ፋይሉ አይመለስም። ብዙ በር ከፍተናል፣ ብዙ ደረጃ ወደ ራምፕ ቀይረናል። ይህ የቡራዩውን አይሽረውም፤ እንዲሽረውም ብዬ አልነግራችሁም።

በዚህ ሥራ ላይ ላላችሁ ያለኝ ይህ ብቻ ነው። መመሪያን እስከ መጨረሻው ገጽ ማንበብ የሥራው መጀመሪያ ነው። እኔ ከአሥራ ስድስት ዓመት በኋላ ጀመርኩት።